እግር የሌለው ግስ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ አራት ሺህ ሼቄል ገደማ፣ ቁልፎቹ የረገፉ አንድ ደህና ሸሚዝ፣ እና ያቭኔ ላይ በሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት ግርማ ሞገስ ነው። ይህን ሁሉ የበላብኝ ሌባ አይደለም፤ ቀረጥም አይደለም። አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። የሚሮጥ ወይም የሚዘል ግስ ቢሆን ኖሮ እንኳ ባልቆጨኝ። የሚድኽ ግስ ነው።

እኔ የሕፃን ልብስ ነጋዴ ነኝ። ቤቴ ቂርያት ማላኪ ነው፣ ሊፍቱ ሲያሰኘው ብቻ የሚሠራ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ። በአንዲት ነጭ ቫን እዞራለሁ፤ አንድ ቀን ሰፈሬ እሸጣለሁ፣ አንድ ቀን ገዴራ ገበያ ጠረጴዛ እዘረጋለሁ፣ ማክሰኞ ደግሞ ዕቃ ለመጫን ያቭኔ እወርዳለሁ። ትምህርቴን የጠየቀኝ ካለ፣ ኦልፓን፣ የአዲስ መጤዎች ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ገብቼ ዕብራይስጥ እስከ “ስንት ነው?” ድረስ ተምሬአለሁ። “ውድ ነው” የሚለውን ገበያው አስተማረኝ። ከዚያ በላይ ቋንቋ ለነጋዴ ቅንጦት ነው ብዬ አምን ነበር።

ጠረጴዛዬን ቀጥ አድርጎ የያዘው አንድ ዕቃ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ የተደረበበት የሕፃን ሱሪ። እዚህ አገር ወለሉ ሁሉ ሴራሚክ ነው፤ በክረምት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። የኛ እናቶች ደግሞ ልጅ በባዶ ጉልበቱ ወለል ላይ ሲድኽ ካዩ የራሳቸውን ጉልበት ያማቸዋል። ስለዚህ ሱሪው ይሸጣል። ሌላው ሸቀጤ ሁሉ፣ ካፖርቱም፣ ኮፍያውም፣ የለሃጭ መቀበያው ቢቡም፣ የሱሪው አጃቢ ነው።

ሱሪውን የማመጣው ያቭኔ ካለ ጅምላ ነጋዴ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ወላጆቹ ከባግዳድ የመጡ። ጉልበቱን ስለሚያመው ከወንበሩ የሚነሣው ለጸሎትና ለሽንት ብቻ ነው። ከኛ ሴቶች ጋር ሲገበያይ ትንሽ አማርኛ ለቃቅሟል፤ ከሁሉ የሚወዳት ግን “ቀስ በቀስ”ን ነው። እሱ አፍ ውስጥ ስትገባ “ከስ በከስ” ትሆናለች። እንደ አነጋገሩም እውነቱን ነው፤ ከሱ ጋር የነገደ ሁሉ ከስ በከስ ከስሯል።

አንድ ማክሰኞ ገብቼ የሱሪውን ዋጋ ስጠይቅ ጨምሯል።

“ባለፈው ወር ጨምረህ አልነበር?” አልኩት። ያወራነው በዕብራይስጥ ነው፤ እዚህ ግን በሰው ቋንቋ እጽፈዋለሁ።

“እኔ አልጨመርኩም” አለ ከወንበሩ። “ዋጋው ራሱ ነው። ደግሞ አይዘልም እኮ። ዞሔል። ከስ በከስ።”

ዞሔል ማለት ይድኻል ማለት ነው። ዕብራይስጥ በዚህ በኩል ድኻ ነው፤ ሕፃኑም፣ ትሉም፣ ልምምድ ላይ ያለው ወታደርም፣ መንገድ ላይ የተጣበቀው መኪናም፣ ሁሉም በአንድ ዞሔል ይሄዳሉ።

“የሚድኽ ከሆነ ሱሪ አልብሰዋ!” አልኩት።

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ነጋዴ ሰው ከሣቀለት በኋላ አፉን መዝጋት አለበት፤ ይህን ለሌላው ሁሉ እመክራለሁ። እኔ ግን ሣቁ ጣፈጠኝና ጨመርኩበት። “ኦሪትን! ከዛሬ ወዲያ እግሬ ይህን መጋዘን አይረግጥም!”

“እግርህ?” አለ ሽማግሌው፣ እግሬን እያየ። “ቤሰደር፣ ይሁን። እግርህን ቤት ተወው።”

ያን ቀን ሁለት የኛ ሰፈር ሴቶች እዚያው ፎጣ ይመርጡ ነበር። ከያቭኔ እስከ ገዴራ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ዞሔል ሲል፣ ወሬው ግን አልዳኸም። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች።

“ምለሃል አሉ።”

“ማን አለ?”

“ፎጣ ገዢዎቹ። በኦሪት ነው አሉ። እውነት ነው?”

“ንግድ ነው፣ አንቺ። አፍ ነው።”

“አፍህን ሳይሆን ኦሪትን ነው የጠራኸው።”

ባለቤቴ መሐላ የሚፈራ ቤት ልጅ ናት። አባቷ በጎልማሳነታቸው “ከዚያ ሰው ጋር ከአንድ ማዕድ አልቀርብም” ብለው ምለው፣ ሰውየው ኋላ አማች ሆኖ ቤታቸው ሲገባ፣ በአንድ ጣራ ሥር ለየብቻ ሲበሉ ኖረው ሞቱ። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ፊት መማል፣ ዕዳ መፈረም ነው።

ግድ የለም፣ አልኩ። ሽማግሌው ሱሪውን ከየት ያመጣዋል? ከባሕር ማዶ። እኔስ ስልክ የለኝም?

ታላቋ ልጄ ኮሌጅ ትማራለች፤ ለሰንበት ዓርብ ከሰዓት ቤት ትመጣለች። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ስልኬን ሰጠኋት።

“ለሚድኽ ሕፃን የሚሆን ልብስ ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ።”

“የሚድኽ ምንድነው፣ አባ? ዞሔል ነው?”

“መዳኽ አታውቂም? ድኸሽ አይደለም ያደግሽ?”

“ድኼ ይሆናል። ስሙን ግን አላስተዋወቃችሁኝም።”

እኔም አስተዋወቅኋት። በኛ ቋንቋ ማንም የማንንም እርምጃ አይበደርም። ሕፃን ይድኻል። በቂጡ ከሄደ ይንፏቀቃል። እባብ ይሳባል። ሽማግሌ ያዘግማል። ሰነፍ ይንቀረፈፋል። ሌባ ያደባል፣ ሐረግ ይንሰራፋል። ሁሉም የራሱ አለው፤ ገበያ ላይ እንኳ ሳይደባለቅ ያድራል።

“በእንግሊዝኛ ሁለት ናቸው” አለች። “ክሮል እና ክሪፕ።”

“የቱ ይረክሳል?”

“አባ! ግስ ነው፣ ድንች አይደለም።” ሣቀች። “ክሮል በሆድ ወይም በጉልበት መሄድ ነው። ክሪፕ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያይህና ሳይሰማህ መሄድ። ለሕፃንም ይሆናል፣ ለሌባም፣ ለሐረግም። ለዋጋም ይሆናል።”

“ዋጋም?”

“ቀስ እያለ ሳይታወቅ ሲወጣ። ደግሞ አጠገቡ ስትሆን የሚቀፍህ ሰውም ክሪፕ ይባላል።”

“እንግሊዞች ያቭኔን ያውቁታል እንዴ?”

“ሕፃኑ የሚለብሰው ደግሞ ክሪፐር ነው። ይኸው ጽፌልሃለሁ። ያላ አባ፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ልታጠብ።” ብላኝ ገባች።

ያኔ ጠርቼ ብመልሳት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን ሰንበት ሊገባ ነው፤ ስልኩ ሊዘጋ ነው፤ እኔም ችኩል ነኝ። የጻፈችውን ነካሁት። ፎቶ መጣ። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በስፖንጅ ደንበኛ አድርጎ የተሞላ፣ ከላይ ትንሽ ትራስ የመሰለች ነገር ያለችበት። ውሃ የማያስገባ ቆዳ ነገር ነው። ለሕፃን ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ፎቶ መጠን እንደሌለው ማወቅ ነበረብኝ። ፎቶ ላይ ዝሆንም ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ዋጋው በካርቶን ነው የተጻፈው። ልብስ ደግሞ በካርቶን ሲባል በትንሹ ደርዘን ነው። አሰላሁት፤ የያቭኔው ግማሽ እንኳ አይመጣም። ከወዲያ ማዶ ያለችው ሻጭ ወዲያው መልስ ሰጠች፣ ስልኬም ወደ አማርኛ ገለበጠልኝ።

“ስንት ኪሎ የሚችል ይሁን?” ትላለች።

ሕፃን ስንት ይመዝናል? “አሥር ኪሎ” አልኳት።

“የኛ ትንሹ መቶ ሃምሳ ኪሎ ይችላል።”

ስፌት ማለት ይህ ነው፣ አልኩ በሆዴ። የያቭኔው ሱሪ አንድ ልጅ እንኳ በቅጡ አይችልም።

ቀጥላ፣ “ስድስት ጎማ ይሁን አራት?” ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ የምትሥቁብኝ እዚያ አገር ያላችሁ ናችሁ። እዚህ የኖረ አይሥቅም። እኛ ዘንድ አማርኛውና ዕብራይስጡ በአንድ ድስት ነው የሚሠራው፤ የሱሪን ላስቲክ ሁላችንም እንደ ዕብራይስጡ “ጉሚ” ነው የምንለው። ስለዚህ ስልኩ ጎማ ሲለኝ ጉሚ ታየኝ። ለወገብ አንድ፣ ለሁለት እግር፣ ለሁለት እጅ፣ አምስት ሆነ። ስድስተኛው የት እንደሚገባ ቸገረኝ። ለአንገት ይሆናል፣ አልኩ። “ስድስት” ብዬ ላክሁላት። ለሕፃን መሰሰት አልወድም። አርባ ካርቶን አዘዝኩ፣ ከፈልኩ፣ ሰንበትም ገባ።

ካርቶኖቹ የመጡ ቀን ሊፍቱ አልሠራም። ሾፌሩ ሕንፃው በር ላይ ደርድሯቸው ሄደ። አንዱን ሳነሣ ወገቤ “ምን አባክ ነው ያዘዝከው?” አለኝ። ቀደድኩት። ውስጡ አንድ ትልቅ ቀይ ሳንቃ አለ፤ በላዩ ስፖንጅ፣ በራሱ በኩል ትራስ፣ ከሥሩ ስድስት ጎማ። ሁለተኛውን ቀደድኩ። ያው ነው። ደርዘን የለም፤ በካርቶን አንድ ሳንቃ።

ባለቤቴ ከሰገነቱ ላይ አጎንብሳ ታያለች።

“ምንድነው እሱ?”

“የሕፃን ሱሪ ነው።”

“እግሩ የት አለ?”

“እግር የለውም።”

ይበልጥ አጎነበሰች። ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ፣ ሰፈሩ በሚሰማው ድምፅ፣ “ጎማ ነው ያለው እንዴ?” አለች።

ልጄ ጋ ደወልኩ። ፎቶውን ስልክላት ለረጅም ጊዜ ሣቅ ብቻ ነበር የሚሰማው። “አባ፣ ይሄም ክሪፐር ነው እኮ። መካኒክ መኪና ሥር ሲገባ የሚተኛበት። ያዘዝከውን ነው የላኩልህ፤ ቃሉ ልክ ነው።” ቃሉ ልክ ከሆነ፣ መመለስ የለም። እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ለሕፃንና ለመካኒክ ያከራያል፣ ኪራዩን ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካዎቹ አጠገብ ያሉ ጋራዦች ዞርኩ። ድሮ መካኒክ መኪና ሥር ይተኛ ነበር፤ አሁን መኪናው ተሰቅሎ መካኒኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሠራል። አንዱ ግን ገዛኝ።

“መኪና ሥር ትገባበታለህ?” አልኩት።

“ምሳ ሰዓት እተኛበታለሁ” አለ።

ገዴራ ይዤ ሄጄ ካፖርትና ቢቡ መሀል ዘረጋሁት። አንዲት እናት ቆማ ጎማውን አሽከረከረች። “ይሄ ለስንት ወር ልጅ ነው፣ ጋሼ?”

“መንጃ ፈቃድ ላለው” አልኳት። ሣቀችና ሄደች። ሣቅ በየቀኑ ሸጥኩ፤ ሱሪ ግን አለቀ። ሱሪው ሲያልቅ አጃቢዎቹም ተከተሉት። የገበያው ተቆጣጣሪ መጣና ጠረጴዛዬን በጣቱ መታ መታ አደረገ። “ከበዓሉ በፊት ካልሞላኸው ለካልሲ ሻጩ እሰጠዋለሁ። እሱ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።” ያ ጠረጴዛ ሁለት ልጅ ያስተማርኩበት ነው። ካልሲ ሻጩ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ቆሞ በሜትር እየለካኝ ነበር፤ ዓይኑ ሜትር ነው።

ቴል አቪቭ ሄድኩ። እዚያ በዱቤ አያውቁኝም፤ ጥሬ ገንዘቤ ደግሞ ሳንቃ ሆኖ ሳሎኔ ውስጥ ተደርድሯል። በዱቤ የሚሰጠኝ በምድር ላይ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ያቭኔ ነው፣ እግሬም መጋዘኑን አይረግጥም።

ማታ ራት ላይ ባለቤቴን እንደ ዘበት አነሣሁባት። “እዚህ አገር እኮ ሦስት ሰው ተቀምጦ መሐላ ይፈታል አሉ። ደቂቃ አይፈጅም።”

“ሦስት ሰው በደቂቃ የሚፈታው መሐላ፣ ከመነሻውም መሐላ አልነበረም።”

“ጠረጴዛው ሊሄድ ነው፣ አንቺ ሴት!”

“ሂድና ርገጥ። ከዚያ ማዕድህን ለብቻህ አቅርብ።”

እንደማትቀልድ አውቃለሁ፤ የማን ልጅ መሰለቻችሁ? እሷ ተነሣችና የታጠበውን ልብስ ወደ ሰገነቱ ይዛ ሄደች። ይዛ ስል አንሥታ አይደለም፤ ቅርጫቱን ከሳንቃዎቹ አንዱ ላይ ጭና በአንድ ጣቷ ትገፋዋለች። ለካ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ስትጠቀምበት ኖራለች። መሀል ኮሪደር ላይ ቆመች።

“የማልከው ምን ብለህ ነው? ቃሉን ንገረኝ።”

“እግሬ አይረግጥም።”

“ሌላ አካል ጠርተሃል?”

“አልጠራሁም።”

“እንግዲያው እግርህ አይርገጥ” አለችና ቅርጫቱን አወረደች። “ስለ ሆድህ የማልከው የለም።”

ልምምዱን ኮሪደሩ ላይ አደረግን፤ ዳኛዋ እሷ ናት። በጀርባዬ ስተኛ ለመግፋት ተረከዜ መሬት ነካ። “ረገጥክ!” ቁጭ ብዬ በእጄ ስገፋ፣ “ይሄ መንፏቀቅ ነው፤ በሽተኛ ይመስላቸውና ያዝኑልሃል” አለች። በመጨረሻ በሆዴ ተኛሁ፣ እግሬን ወደ ላይ አጠፍኩ፣ በሁለት መዳፌ ወለሉን ቀዘፍኩ። ሄደ።

“ምን እመስላለሁ?”

“እንሽላሊት። ግን መሐላውን አልነካህም።”

ማክሰኞ ሳንቃዎቹን ጭኜ ወረድኩ። ከገዴራ ወዲህ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናው መጨናነቅ፣ ፕካኩ፣ ደስ አለኝ። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። እስከ ደፉ ድረስ መንገድ ነው፣ መንገድ ላይ አልማልኩም። ሳንቃውን ደፉ ላይ አስቀምጬ በሆዴ ተጋደምኩና እግሬን ሰቅዬ ቀዘፍኩ። የሸሚዜ ቁልፎች ብረቱ ጠርዝ ላይ እየተያዙ አንድ በአንድ ረገፉ። የማየው ሁሉ ጫማ ነበር፤ ከነዚያ መሀል ሁለቱ የማውቃቸው፣ የፎጣ ገዢዎቹ ናቸው። ፎጣ ይበሉታል እንዴ እነዚህ ሰዎች?

ሽማግሌው ከላይ ወደ ታች አየኝ። ሌላ አቅጣጫም አልነበረውም።

“ሻሎም” አልኩ ከወለሉ።

“ሻሎም። እግርህስ?”

“ወደ ላይ ነው። እየው፤ የረገጠው ነገር የለም።”

ጎንበስ አለና አየ። ነገሩ ገባው። ሰውየው ሕግ የሚከራከር ቤት ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከቅናሽ ይልቅ ደስ ይለዋል። “አይረግጥም” አለ ለራሱ፣ ራሱን እየነቀነቀ። “እውነቱን ነው። ከስ በከስ!”

“እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ብላ ጨረሰችለት አንዷ ፎጣ ገዢ።

“ጫጩት መች ይድኻል?” አልኳት ከታች። “ከእንቁላል ወጥቶ ቀጥታ በእግሩ ነው። ያ ተረት ስለኔ አያውቅም።”

“ምን ፈልገህ ነው?” አለ ሽማግሌው።

“ሱሪ።”

“ዋጋው እንደገና ድኾ ሄዷል።”

“አየሁት፤ ፕካኩ ላይ አልፎኝ ሄደ።”

ሲሥቅ ወንበሩ ተንቀጫቀጨ። እኔ ግን አልሣቅሁም፤ ምክንያቱም በዚያ ቅጽበት አንድ ነገር አይቻለሁ። ሰው ሃያ ዓመት ቆሞ ከገበየ፣ መጋዘን ከወገብ በታች ምን እንዳለው አያውቅም። እኔ አሁን ከቁርጭምጭሚት በታች ነኝ። የታችኛው መደርደሪያ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አቧራ የለበሱ ካርቶኖች ተገፍተው ተቀምጠዋል። ቀዝፌ ገባሁና አንዱን ሳብኩት። ጉልበቱ የተደረበበት ሱሪ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ከነዚህ ሁሉ ጭማሪዎች በፊት የነበረው ነው።

“አባባ!” አልኩ ከመደርደሪያው ሥር። “እዚህ ታች ያለው ዋጋ ገና መዳኽ አልጀመረም።”

“የቱ?”

“ይሄ። የራስህ ወረቀት ነው። የራስህ እጅ ጽሑፍ።”

ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሣ። ጸሎት አልነበረም፤ ሽንትም አልነበረም። እያዘገመ መጣና ጎንበስ ለማለት ሞከረ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። “ጉልበቴን ሳያመኝ በፊት ያስቀመጥኩት ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ረስቼዋለሁ። የሚሠሩልኝ ልጆችም እዚያ አይገቡም።” ሰው ሁሉ ያየዋል። እሱም ሰው እንደሚያየው ያውቃል። “ቤሰደር። የተጻፈው የተጻፈ ነው። አንተ ራስህ ያወጣኸውን ያህል በድሮው ዋጋ፣ በዱቤ ውሰድ። ግን እግርህ ከነካ…”

“አይነካም።”

ግማሽ ቀን ሙሉ በሆዴ ስገባና ስወጣ ዋልኩ። ፎጣ ገዢዎቹ ሳይገዙ ቆመው ቆጠሩልኝ፤ አንዷ ደግሞ “ግራ እግርህን ከፍ፣ ግራውን!” እያለች ለባለቤቴ ምስክር ሆነችልኝ። ካርቶኖቹን ጨርሼ ደፉ ላይ ሳወጣቸው፣ ሽማግሌው ወንበሩን አስመጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ሳንቃው ላይ ነው።

“ስንት አለህ ከዚህ?”

“ቫኑ ሙሉ።”

“በግማሽ ዋጋ እወስዳለሁ።”

“ክሪፕ” አልኩት።

“ምንድነው እሱ?”

“እንግሊዝኛ ነው። ዋጋ ቀስ ብሎ ሲሄድ።”

በግማሽ ዋጋ ወሰደው። በሳምንቱ ስመለስ ደጃፉ ላይ ተሰቅለው በሙሉ ዋጋ ይሸጣቸዋል። የገዛው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ነጋዴ በሸጠው ዕቃ ማልቀስ የለበትም።

ሒሳቡ እንዲህ ቆሟል። ከአርባው ሠላሳ ሰባቱ ያቭኔ ሄደ። አንዱ ላይ መካኒኩ ምሳ ሰዓት ይተኛል። አንዱ ባለቤቴ ጋ ቅርጫት ይሸከማል። አንዱ መጋዘኑ በር ጀርባ ተደግፎ ማክሰኞ ማክሰኞ ይጠብቀኛል። ገዴራ ያለው ጠረጴዛ ሙሉ ነው፤ ካልሲ ሻጩ ሌላ ቦታ ይዟል። ማዕድ የምንቀርበው አብረን ነው። የሱሪው ዋጋ ባለፈው ሳምንት አንድ ሼቄል ድኾ ወጥቷል። ካወጣሁት አራት ሺህ ግማሹ ተመልሶ፣ በግሱ ላይ ሁለት ሺህ ሼቄል ገደማ ከስሬአለሁ። እግሬ አልረገጠም።